ግሪክን ለመጎብኘት፦ ከአቴንስ እስከ ደሴቶቹ የጉዞ አዘገጃጀት መመሪያ

የግሪክ ጉብኝት የሚሠምረውም የሚበላሸውም በባሕሩ ነው። ብዙ ጎብኚ ደሴቶቹን የሚመርጠው ባየው ፎቶግራፍ ስለሆነ ሳንቶሪኒን፣ ሚኮኖስን፣ ሮዳስንና ቀርጤስን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለማዳረስ ያቅድና የዕረፍቱን ግማሽ ወደብ ላይ ሻንጣ ሲጠብቅ ያሳልፈዋል። ይህ መመሪያ የሚከተለው ሌላ ቅደም ተከተል ነው፤ በመጀመሪያ የነፋሱን ወቅትና መርከቦቹ የሚሄዱበትን መስመር ማወቅ፣ ከዚያም በአንድ መስመር ላይ የሚገኙ ሁለት ወይም ሦስት ደሴቶችን ብቻ መምረጥ፣ ለታሪካዊ ከተሞቹ ደግሞ የቀኑን ማለዳ መስጠት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። ዋጋና የመክፈቻ ሰዓት በየዓመቱ ስለሚቀየር ከመክፈልዎ በፊት ማረጋገጥ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን መወሰን

ለደሴቶቹ የሚመረጠው ጊዜ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ፣ እንዲሁም ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ያለው ነው። በእነዚህ ሳምንታት ሙቀቱ ይቻላል፣ መርከቦቹ በበቂ ቁጥር ይመላለሳሉ፣ የመኝታ ዋጋም ከጁላይና ከኦገስት በእጅጉ ይቀንሳል። በሴፕቴምበር ባሕሩ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ለመዋኘት ከሜይ ይልቅ ይመቻል።

በጁላይና በኦገስት ከሕዝቡ ብዛትና ከዋጋው በላይ የሚያሳስበው ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ ዝናብም ደመናም ስለማያመጣ እንግዳ ሰውን ያታልላል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ እያበራ በኤጂያን ባሕር ላይ ለቀናት በኃይል ይነፍሳል። ነፋሱ ቦፎርት በሚባለው መለኪያ 8 ሲደርስ የወደብ ባለሥልጣናት ትልልቆቹ መርከቦች እንዳይንቀሳቀሱ ይከለክላሉ፣ ፈጣኖቹ ጀልባዎች ደግሞ ከዚያ ባነሰ ነፋስም ይቆማሉ። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ከመጓዝ ሌላ አማራጭ ከሌለዎት በዕቅድዎ ውስጥ ቢያንስ አንድ ትርፍ ቀን ያስገቡ።

በብርዱ ወራት በትንንሾቹ ደሴቶች ላይ አብዛኛው ሆቴልና ምግብ ቤት ይዘጋል፤ አቴንስና ተሰሎንቄ ግን በዚያ ወቅት ለመራመድ የተመቹ ናቸው፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜም የመንግሥት ሙዚየሞችና ጥንታዊ ሥፍራዎች በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ያለ ክፍያ ይከፈታሉ። የግሪክ ኦርቶዶክስ ፋሲካ ከእኛ ፋሲካ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። የዓርብ ስቅለትን የሌሊት ዑደትና የቅዳሜውን የእኩለ ሌሊት የሻማ ብርሃን ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም፤ ሆኖም በሰሞነ ሕማማት አቴንሳዊ ሁሉ ወደ ትውልድ ደሴቱ ስለሚሄድ የመርከብ ቲኬት ከወራት በፊት መያዝ አለበት። ይኸው ጥንቃቄ ለኦገስት 15ም ይሠራል። በዚያ ዕለት የእመቤታችን በዓል ስለሚከበር በተለይ ወደ ቲኖስ ደሴት የሚሄዱት መርከቦች በምእመናን ይሞላሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ያለውን ዳገት በጉልበታቸው እየዳሁ ይወጡታል።

ደረጃ 2፦ ቪዛውን ቀድሞ መጨረስ

ግሪክ የሸንገን፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገራት አንዷ ናት። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰው በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይችላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ግን የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም የባሕረ ሰላጤው አገራት የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻውንም የሚያቀርበው በሕጋዊነት በሚኖርበት አገር ላለው የግሪክ ቆንስላ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትኩረት የሚሻው ነገር የጊዜው ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያ ዜጎች ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም በመደበኛው አሠራር አይሰጣቸውም። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ስለሆነ ቢያንስ ከሦስት እስከ አራት ወር ሲቀርዎት ሰነድዎን ያስገቡ። የአዋቂ ሰው መደበኛ ክፍያ ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሲሆን ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግም አይመለስም። ፓስፖርትዎ ከሸንገን አገራት ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ለሦስት ወር የሚያገለግል፣ ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ የተሰጠና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የጉዞ ኢንሹራንሱ ደግሞ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

ከነዚህ ጋር የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የሥራ ወይም የንግድ ማስረጃ፣ የደርሶ መልስ በረራና የሆቴል ማስያዣ ይቀርባል። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ሊሰረዝ የሚችል የሆቴል ማስያዣ ብቻ ይጠቀሙ፣ የማይመለስ የመርከብ ቲኬትም አይግዙ። አመልካቾች ብዙ ጊዜ ችላ የሚሉት አንድ ነገር የዕለት ተዕለት የጉዞ ዕቅድ ነው፤ በየትኛው ሌሊት የት እንደሚያድሩ፣ ከየትኛው ወደብ ወደየትኛው ደሴት እንደሚሻገሩ በአንድ ገጽ ጽፈው ከሆቴሎቹ ቀን ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከያዙ ከቆስ ደሴት ወደ ቦድሩም፣ ከሮዳስ ወደ ማርማሪስ የሚደረገውን የአንድ ቀን የቱርክ ጉዞ ይተዉት። ከደሴቱ ላይ ሆኖ የቱርክ ተራሮች ስለሚታዩ ጉዞው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከሸንገን ከወጡ በኋላ በዚያው ቪዛ ወደ ግሪክ መመለስ አይችሉም።

ደረጃ 3፦ የደሴቶቹን መስመር መምረጥ

የግሪክ ደሴቶች በየአካባቢያቸው የተመደቡ ናቸው፤ መርከቦቹም የሚጓዙት ይህንኑ ምድብ ተከትለው ነው። ኪክላደስ የሚባለው ምድብ ፓሮስን፣ ናክሶስን፣ ሚኮኖስን፣ ቲኖስንና ሳንቶሪኒን ይይዛል። ዶዴካኒዝ የሚባለው ከቱርክ ጠረፍ አጠገብ ያለው ምድብ ሮዳስን፣ ቆስንና ቅዱስ ዮሐንስ የነበረባትን ፍጥሞን ያጠቃልላል። ቀርጤስ ብቻዋን አንድ አገር የምታህል ስለሆነች አንድ ሳምንት ያስፈልጋታል። ኮርፉ ያለችበት የአዮኒያ ምድብ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ከአቴንስ ወደብ ከሚነሱት መርከቦች ጋር አይገናኝም። ጊዜው ያጠረበት ሰው ከአቴንስ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚችልባቸው ኤጊናና መኪና የማይነዳባት ሂድራ ናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድና አሥር ቀን ላለው ሰው የምመክረው አቴንስ ሦስት ሌሊት፣ ናክሶስ ሦስት ሌሊት፣ ሳንቶሪኒ ሁለት ሌሊት፣ የመጨረሻው ሌሊት እንደገና አቴንስ ነው። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ በፓሮስና በናክሶስ በኩል ወደ ሳንቶሪኒ የሚወርደው መርከብ በአንድ ቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ወደ ኋላ መመላለስ አይኖርም። የመጨረሻውን የአቴንስ ሌሊት ለመቆጠብ ብሎ ከደሴት ተነስቶ በዚያው ዕለት ወደ አገሩ የሚበር ሰው ግን አንድ ነፋሻ ቀን ብቻ በረራውን ሊያሳጣው ይችላል። መንፈሳዊ ጉዞ ለሚፈልግ ደግሞ አቴንስ፣ ቆሮንቶስና ፍጥሞ፣ ወይም አቴንስ፣ ተሰሎንቄና ፊልጵስዩስ የሚለው ጥምረት ከሁሉ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ አቴንስ መድረስና ከተማዋን ማየት

ከኤሌፍቴሪዮስ ቬኒዜሎስ አውሮፕላን ማረፊያ 3ኛው የሜትሮ መስመር መሃል ከተማ ሲንታግማ አደባባይ ያደርሳል፣ ሳይወርዱ ከቀጠሉም እስከ ፒሬየስ ወደብ ይወስዳል። ሌሊት ለሚገባ መንገደኛ ኤክስ95 አውቶቡስ ወደ ሲንታግማ፣ ኤክስ96 ደግሞ ወደ ፒሬየስ ይሄዳል። በሜትሮው ውስጥ፣ በተለይ ሞናስቲራኪና ኦሞኒያ አካባቢ፣ ኪስ አውላቂዎች ሻንጣ የያዘ ሰው ላይ ስለሚያተኩሩ ፓስፖርትዎንና ስልክዎን ከኋላ ኪስ ወይም ከተንጠለጠለ ቦርሳ ያርቁ።

ከከተማዋ በላይ በአለት ላይ የሚገኘውን የጥንታዊውን ሥፍራ የአክሮፖሊስን ቲኬት በመንግሥት የኦንላይን መሸጫ አስቀድመው ይግዙ። ከ2023 ጀምሮ መግቢያው በሰዓት የተከፋፈለ ሲሆን በ2025 ዋጋው 30 ዩሮ ሆኗል። የሚይዙት ሰዓት ጧት 8 ሰዓት ይሁን፤ ይህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፣ ቲኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ከለመዱት አቆጣጠር ጋር እንዳያምታቱት። ብዙው ጎብኚ በምዕራቡ ዋና በር ሲሰለፍ በደቡብ ምሥራቅ ባለው በር የሚገባ ሰው የዲዮኒሶስን ቲያትር አይቶ፣ በቁልቁለቱ ዳር ዳር ተጉዞ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የሚያስፈልግዎ ጫማ የጎማ ሶል ያለው ነው። በሺህ ዓመታት እግር የተላገው እብነ በረድ ደረቅ ሆኖም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ደግሞ ድንጋዩን ስለሚጎዳ የተከለከለ ነው። በብርቱ ሙቀት ወቅት ሥፍራው ከእኩለ ቀን ጀምሮ ለሰዓታት ሊዘጋ ስለሚችል በጁላይ የከሰዓት ቲኬት መግዛት አይመከርም።

በአክሮፖሊስ አናት ያለው ዋናው ቤተ መቅደስ ፓርተኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ባለው ጊዜ ተሠርቶ በኋላ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም መስጊድ ሆኖ አገልግሏል። ዛሬ መሃሉ ፈርሶ የሚታየው በዕድሜ ብዛት አይደለም፤ በ1687 ኦቶማኖች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ ቬኔሲያውያን በመድፍ ስለመቱት ነው። ይህን አውቆ ያየ ሰው ከላይ ከወረደ በኋላ በ2009 ወደተከፈተው የአክሮፖሊስ ሙዚየም መሄድ አለበት፣ እኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማየት ግማሽ ጉብኝት ነው ባይ ነኝ። የሙዚየሙ የላይኛው ፎቅ ከመስኮቱ ማዶ ከሚታየው ፓርተኖን ጋር ትይዩ ሆኖ የተሠራ ሲሆን የቤተ መቅደሱ ቅርጾች በመጀመሪያ ሥርዓታቸው ተደርድረዋል። ማር የመሰለ ቀለም ያላቸው ዋናዎቹ ናቸው፤ ከመሃላቸው ነጭ ሆነው የሚታዩት ደግሞ የእንግሊዝ አምባሳደር የነበረው ሎርድ ኤልጊን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አስነስቶ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት ቅርጾች የጀሶ ቅጂዎች ናቸው። ታችኛው ፎቅ ላይ ጣሪያ ተሸክመው የቆሙት ሴቶች ሐውልቶች አምስቱ ተሰልፈው ለንደን ያለችው የስድስተኛዋ ቦታ ባዶውን ተትቷል። በወራሪ የተወሰደ ቅርስ ለማስመለስ ብዙ ዓመት ለደከመ አገር ሰው ያ ባዶ ቦታ ብዙ ይናገራል።

ከአክሮፖሊስ መግቢያ በታች ያለው አለት አርዮስፋጎስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ያደረገው ንግግር ከአለቱ ሥር በነሐስ ሰሌዳ ላይ በግሪክኛ ተቀርጾ ይገኛል፤ መግቢያው ክፍያ የለውም፣ ነገር ግን የድሮዎቹ የድንጋይ ደረጃዎች አደገኛ ስለሆኑ በብረቱ ደረጃ ይውጡ። በማግሥቱ የጥንቱን ገበያ አጎራንና ጣሪያው ሳይፈርስ የቆየውን የሄፋይስቶስ ቤተ መቅደስ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብሔራዊውን የአርኪዎሎጂ ሙዚየም ይዩ። ወደ ሳንቶሪኒ የሚሄድ ሰው በዚህ ሙዚየም ፎቅ ላይ ያለውን የፀደይ የግድግዳ ሥዕል እንዳያልፈው፤ ቀያይ አበቦችና በአየር ላይ የሚሳሳሙ የሚመስሉ ሁለት ወፎች ያሉበት ይህ ሥዕል ከአክሮቲሪ ቁፋሮ የመጣ ነው።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሊዘለው የማይገባው ሥፍራ ደግሞ በ1896 የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ የተካሄደበት፣ ሙሉ በሙሉ በእብነ በረድ የተሠራው የፓናቴናይክ ስታዲየም ነው። አበበ ቢቂላ ከሮም ድሉ በኋላ በሜይ 1961 በአቴንስ በተደረገው የማራቶን ውድድር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል። ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር፣ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር በ2004 ወርቅ ያገኙበት የኦሎምፒክ ስታዲየም ደግሞ ማሩሲ በሚባለው ሠፈር ሲሆን በ1ኛው የሜትሮ መስመር ኢሪኒ ጣቢያ ወርደው ያገኙታል።

ደረጃ 5፦ መርከብ መሳፈር

ሁለት ዓይነት መርከብ አለ። ትልቁ መደበኛ መርከብ ከፒሬየስ ሳንቶሪኒ ለመድረስ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ርካሽ ነው፣ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደሴቶቹን እያዩ መሄድ ይቻላል፣ ማዕበልም በቀላሉ አያነቃንቀውም። ፈጣኑ ጀልባ አምስት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፣ ዋጋው ከፍ ይላል፣ በነፋስ ቀን ክፉኛ ያናውጣል፣ ቀድሞ የሚሰረዘውም እርሱ ነው። ባሕር የማያውቅ ሰው ትልቁን ይምረጥ። ባሕር ላይ የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከመነሳትዎ በፊት ይውሰዱ፤ በመርከቡ መሃል፣ ከታችኞቹ ፎቆች በአንዱ መቀመጥም ይረዳል።

ፒሬየስ ግዙፍ ወደብ በመሆኑ ቲኬትዎ ላይ የተጻፈውን በር መመልከት ግዴታ ነው። ወደ ኪክላደስ የሚሄዱት በአብዛኛው የሚነሱት ከበር 7 ሲሆን ይህም ከሜትሮ ጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ ወደ ሮዳስና ወደ ፍጥሞ የሚሄዱት የሚነሱበት በር 1 ግን በእግር ሻንጣ እየጎተቱ የሚደረስበት ስላልሆነ በወደቡ ውስጥ የሚዞረውን ነፃ አውቶቡስ ይጠቀሙ። አንዳንድ የሚኮኖስና የቲኖስ መርከቦች የሚነሱት ከነጭራሹ ከፒሬየስ ሳይሆን ከአቴንስ በስተምሥራቅ ካለው ራፊና ወደብ ነው፤ ይህን ሳያስተውሉ ጧት ፒሬየስ የሚገኙ መንገደኞች ጥቂት አይደሉም። ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ።

መሳፈሪያው በመርከቡ የኋላ በኩል በሚወርደው የብረት መሻገሪያ ነው። ሰው፣ መኪናና ከባድ መኪና ጎን ለጎን ነው የሚገባው፤ በሞተር ጭስ መሃል ሠራተኞቹ የደሴቶቹን ስም እየጠሩ ወደ መደርደሪያዎቹ ይመሩዎታል። መደርደሪያው ላይ የየደሴቱ ስም ተለጥፏል፤ ሻንጣዎን ከሚወርዱበት ደሴት ስም ሥር ያስቀምጡና ገንዘብ፣ ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ሹራብ በትንሽ ቦርሳ ይዘው ወደ ላይ ይውጡ። ከመድረሱ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ማስታወቂያ ይነገራል። ወዲያው ወርደው ሻንጣዎን ይዘው ይቁሙ፤ መርከቡ በትንንሽ ደሴቶች የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ መሻገሪያውም ገና መርከቡ ሳይታሰር መውረድ ይጀምራል። ፎቅ ላይ ቡና ሲጨርስ የቆየ ሰው ቀጣዩ ደሴት ላይ ነው የሚወርደው።

ጉዞው በነፋስ ወይም በመርከበኞች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘብዎ እንዲመለስ ወይም በሚቀጥለው ጉዞ እንዲሄዱ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ለዚህ ሲባል ቲኬት ሲገዙ የሚሰጡት የስልክ ቁጥር ግሪክ ውስጥ የሚሠራ ይሁን።

ደረጃ 6፦ በደሴቶቹ ላይ

ናክሶስ ላይ መርከቡ ወደብ ሲገባ ባሕሩ ዳር ብቻዋን የቆመች ትልቅ የእብነ በረድ በር ቀድማ ትታያለች። ፖርታራ የምትባለው ይህች በር ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ቤተ መቅደስ መግቢያ ናት፤ ለጀምበር መጥለቂያ ከሳንቶሪኒ ያላነሰ ውበት ያለ ክፍያ የሚገኘው እዚህ ነው። ደሴቷ የራሷ እርሻ ስላላት ምግቡ ትኩስና ተመጣጣኝ ነው። በአውቶቡስ ወደ ሃልኪና ወደ አፒራንቶስ መንደሮች ይውጡ፣ ጊዜ ካለዎትም በሰሜን ጫፍ አፖሎናስ ላይ ተፈልፍሎ ሳይጠናቀቅ በዚያው በጀርባው የተኛውን ከ10 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሐውልት ይዩ።

ሳንቶሪኒ ከዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ በፊት በደረሰ ታላቅ ፍንዳታ መሃሉ የሰመጠ እሳተ ገሞራ ናት፤ ነጫጮቹ ቤቶች የተሠሩት በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ነው። መርከቡ አቲንዮስ ወደብ ያወርድዎታል፣ ከዚያ አውቶቡሱ በጥምዝምዙ መንገድ ወደ ፊራ ከተማ ይወጣል። ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ሁሉም ወደ ኢያ ስለሚጎርፍ በዚያ ሰዓት የመንደሩ ጠባብ መንገድ አያስተላልፍም፤ ኢሜሮቪግሊ ወይም በአክሮቲሪ ያለው የመብራት ማማ ይሻላል፣ ኢያን ደግሞ በማለዳ ይዩት። ከፊራ እስከ ኢያ በገደሉ አፋፍ ያለው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ ጥላ ስለሌለው በማለዳ ውሃ ይዞ መጀመር ይገባል። ከአሮጌው ወደብ በአህያ ከመውጣት በገመድ መኪናው ይውጡ፤ እንስሶቹ በዚያ ፀሐይ ብዙ መቶ ደረጃ ሰው ተሸክመው የሚመላለሱ ናቸው፣ እርስዎም ያለ እነርሱ መውጣት ይችላሉ።

በዚህች ደሴት ላይ እጅግ የሚልቀው ግን በ1967 ቁፋሮው የተጀመረው የአክሮቲሪ ጥንታዊ ከተማ ነው። ከፀሐይ በሚከልል ትልቅ ጣሪያ ሥር በተሠራው መተላለፊያ ላይ ሲሄዱ ሁለትና ሦስት ፎቅ የነበራቸው ቤቶች፣ በመሬት መንቀጥቀጥ የተሰነጠቁ የድንጋይ ደረጃዎች፣ እህልና ዘይት ይቀመጥባቸው የነበሩ ጋኖች ከነቦታቸው ይታያሉ። በፍርስራሹ ውስጥ የሰው አስከሬን አለመገኘቱ ነዋሪዎቹ ቀድሞ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ተጠንቅቀው ከተማዋን ለቀው እንደነበር ያመለክታል። ምድሪቱ ዛሬም አልተኛችም፤ በፌብሩዋሪ 2025 በተከታታይ በደረሱ መንቀጥቀጦች ምክንያት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለጊዜው ከደሴቷ ወጥተዋል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት የወቅቱን ማስታወቂያ ይመልከቱ።

ሚኮኖስ ለምሽት ጭፈራና ለውድ የባሕር ዳርቻ የተመቸች ደሴት ናት፤ ታሪክ ለሚወድ ሰው ዋናው ጥቅሟ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደምትርቀው ወደ ዴሎስ ማሻገሯ ነው። ዴሎስ ጎብኚ የማያድርባት፣ ጥላም የሌላት የፍርስራሽ ደሴት ስለሆነች ኮፍያና ውሃ ይዘው በጧቱ ጀልባ ይሂዱ።

ሮዳስ ከ1309 እስከ 1522 የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉ የካቶሊክ ወታደር መነኮሳት የገዟት ሲሆን የግንብ ከተማዋ እስካሁን ሰው የሚኖርባት ናት። የመዝናኛ መርከብ ተሳፋሪዎች ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ የፈረሰኞቹ ጎዳና ይለቃል፤ መኝታዎን በግንቡ ውስጥ ካደረጉ ያንን ሰዓት ያገኙታል።

ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከፒሬየስ የሚመጣው መርከብ በሌሊት ሊያደርስዎ ስለሚችል ለሆቴሉ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሌላው መንገድ እስከ ቆስ በአውሮፕላን ሄዶ ከዚያ በፈጣን ጀልባ መሻገር ነው። ወደቡ ስካላ ይባላል። ወደ ኮረብታው በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻ ይገኛል፤ በውስጡ ቅዱሱ ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባለው፣ ዙሪያው በብር የተከበበው የአለት ጎድጓዳና ሦስት ቦታ የተሰነጠቀው ጣሪያ ይታያሉ። ከላይ በ1088 የተመሠረተው ምሽግ የመሰለ ገዳም አለ። ለሴቶች ከጉልበት በታች የሚደርስ ቀሚስና ትከሻ የሚሸፍን ልብስ፣ ለወንዶች ረጅም ሱሪ ያስፈልጋል፤ ነጠላ መያዝ ይበቃል። ዋሻው በጣም ጠባብ ስለሆነ የመዝናኛ መርከብ ወደብ የገባበትን ሰዓት ይሽሹ፣ ጸሎት ላይ ያለ ሰው ካለም ከበሩ ይታገሡ።

ደረጃ 7፦ ቆሮንቶስ፣ ተሰሎንቄና ፊልጵስዩስ

ቆሮንቶስ ከአቴንስ በከተማ ዳር ባቡር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፣ ከጣቢያው እስከ ጥንታዊው ከተማ ደግሞ ታክሲ ይያዛል። ጳውሎስ በገዢው ጋልዮስ ፊት የቆመበት የፍርድ መድረክ በፍርስራሹ መሃል አለ። በመንገድዎ ላይ በ1893 የተከፈተውን፣ አለቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠውን ቦይ ከድልድዩ ላይ ቁልቁል ይመልከቱ።

ተሰሎንቄ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ315 ገደማ የተቆረቆረች፣ ከአቴንስ ይልቅ የባይዛንታይን አብያተ ክርስቲያናት የሞሉባት ከተማ ናት። ክቡን ጥንታዊ ሕንፃ ሮቶንዳን፣ የቅዱስ ዲሜጥሮስን ቤተ ክርስቲያንና ነጩን ግንብ በአንድ ቀን በእግር ማዳረስ ይቻላል። በኖቬምበር 2024 የተከፈተው ሜትሮ ሲቆፈር የወጣው የጥንት ጎዳና ቬኒዜሉ ጣቢያ ውስጥ ለእይታ ስለቀረበ በዚያ ጣቢያ መውረድ ራሱ አንድ ጉብኝት ነው። ወደ ፊልጵስዩስ ለመሄድ በአውቶቡስ እስከ ካቫላ፣ ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በአካባቢው አውቶቡስ ይጓዛሉ፤ ልድያ የተጠመቀችበት ነው የሚባለው ወንዝ ከፍርስራሹ ብዙ አይርቅም።

ደረጃ 8፦ ምግብ፣ ጾምና ገንዘብ

የጾም ምግብ ለማግኘት አስተናጋጁን «ኒስቲሲሞ» ብለው ይጠይቁ፤ ግሪኮች ራሳቸው ስለሚጾሙ ወዲያው ይገባቸዋል። ነገር ግን በእነርሱ ሥርዓት ደምና አጥንት የሌላቸው ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ሽሪምፕ በጾም ይበላሉ፤ እነዚህን የማይበላ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ፋሶላዳ ከነጭ ቦሎቄ የሚሠራ ሾርባ ነው፣ ፋኬስ ምስር ነው፣ የሳንቶሪኒ ፋቫ ከሽሮ ብዙ የማይርቅ ወፍራም አተር መሰል ክክ ነው፣ ሆርታ ደግሞ በዘይትና በሎሚ የሚቀርብ የተቀቀለ ጎመን መሰል ቅጠል ነው። ሐላል ሥጋ ቤቶች አቴንስ ውስጥ ኦሞኒያ አካባቢ ይገኛሉ፤ በ2020 የተከፈተው የከተማዋ መስጊድ ቮታኒኮስ በሚባለው ሠፈር ነው።

የአቴንስ የቧንቧ ውሃ ይጠጣል፣ በሳንቶሪኒና በብዙ ደረቅ ደሴቶች ግን የታሸገ ውሃ ይግዙ። የሽንት ቤት ወረቀት ቱቦዎቹ ጠባብ ስለሆኑ በአጠገቡ ወዳለው ቅርጫት ይጣላል። ሆቴሎች ከክፍሉ ዋጋ ውጭ በየሌሊቱ የሚከፈል የአየር ንብረት ግብር ያስከፍላሉ፤ በ2025 ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ እንደ ሆቴሉ ደረጃ ለአንድ ክፍል ከ2 እስከ 15 ዩሮ ነበር፣ ስለዚህ ርካሽ የመሰለዎትን ክፍል ዋጋ ይህን ጨምረው ያስሉት። ካርድ በየቦታው ይሠራል፤ ለመንደር አውቶቡስና ለትንሽ ቡና ቤት ግን ጥቂት የዩሮ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የውጭ ምንዛሪውን ለማግኘት ቪዛውና የአየር ቲኬቱ በእጁ እንደገባ ባንኩን ያነጋግር። መኪና ወይም ሞተር ለመከራየት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ከአገርዎ አውጥተው ይሂዱ፤ በደሴቶቹ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን ባለ አራት ጎማ ሞተር ልምድ ለሌለው ሰው አይመከርም። ለማናቸውም አደጋ የሚደወለው 112 ሲሆን የቱሪስት ፖሊስ ቁጥር 1571 ነው።